የቤዛዊት ስልክ በአባቷ ጆሮ

ከወላይታ ሶዶ ገበያ ወደ ታች በሚወርደው መንገድ የጋሽ ገብረማርያምን ሱቅ ለማግኘት ምልክት መጠየቅ አያስፈልግም። የመዶሻውን ድምፅ ተከትሎ መሄድ ነው። ጋሽ ገብረማርያም ቆርቆሮ ሠሪ ናቸው። ባልዲ፣ የእህል ሳጥን፣ የከሰል ምድጃ፣ የጣራ አሸንዳ ይሠራሉ። እኔ ደግሞ ደገፉ እባላለሁ፤ ከሱቃቸው ፊት ለፊት የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ስቀመጥ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ የምነግራችሁን አብዛኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የቀረውን ራሳቸው እየሳቁ ደጋግመው ነግረውኛል።

አባታቸው ከእምድብር አካባቢ በእግራቸው መጥተው፣ መዶሻና የቆርቆሮ መቀስ ይዘው ሶዶ ላይ የተቀመጡ ሰው ነበሩ። ጋሽ ገብረማርያም እዚሁ ተወለዱ፣ እዚሁ ለአባታቸው ቆርቆሮ እያቀበሉ አደጉ፣ እዚሁ እትዬ ሸዋነሽን አገቡ። ወላይትኛውን ልክ እንደኛ ይናገሩታል። ቤት ውስጥ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ሲናደዱ ግን የሚቆጡት በአባታቸው ቋንቋ ነው። ያን ጊዜ እኛ ጎረቤቶች ምን እንዳሉ ስለማይገባን እንስቃለን፤ እሳቸውም መልሰው ይስቃሉ፤ ቁጣው እዚያው ያልቃል።

ከአርባ ዓመት በላይ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ ኖረው ጆሯቸው መድከሙ አልቀረም። መጀመሪያ የስልክ ጥሪ ጠፋባቸው፤ ቀጥሎ ቀጭን ድምፅ ያለው ሰው ሁሉ። በመጨረሻ ደንበኛ ሲያናግራቸው ከንፈር ከንፈሩን እያዩ፣ ከሰሙት አንዲት ቃል ተነሥተው የቀረውን እየገመቱ መመለስ ለመዱ። ብዙ ጊዜ ግምታቸው ይሳካ ነበር። ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ የሚመጣ ሰው የሚጠይቀው ነገር ጥቂት ነውና።

ቤተሰቡ ደግሞ መጮህ ለመደ። እትዬ ሸዋነሽ «ምሳ ቀርቧል!» ሲሉ ምሳው የቀረበው ለመንገዱ ሁሉ ይመስል ነበር። የመጨረሻ ልጃቸው ቤዛዊት ኮሌጅ ስትማር ውጤቷን ለአባቷ የነገረቻቸው ዕለት፣ እኔ መርፌዬ ውስጥ ክር እያስገባሁ በየትኛው ትምህርት ሲ እንዳገኘች ሰምቻለሁ። እዚያ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ኦቶና ሆስፒታል የጆሮ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት መጡ ተባለ። ቤዛዊት አባቷን በግድ ባጃጅ ላይ አስወጥታ ወሰደቻቸው። ተመርምረው፣ ባቄላ የምታክል መስሚያ በሁለቱም ጆሯቸው ገባላቸው። ያስገባችላቸው ባለሙያ መስሚያው በብሉቱዝ ከስልክ ጋር እንደሚያያዝ፣ ድምፁ የሚስተካከለውም በስልክ እንደሆነ አስረዳች። ጋሽ ገብረማርያም ያን ጊዜ የነበራቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ በቤዛዊት ስልክ አያይዛ፣ አስተካክላ ሸኘቻቸው። ቤዛዊት ከዚያ በኋላ ብሉቱዟን አጠፋች፤ ነገሩንም ረሳችው።

ያን ዕለት ሲመለሱ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው እግራቸውን ወደ መሬት እያዩ አገኘኋቸው።

«ደገፉ፣» አሉኝ፣ «ጫማዬ ይጮሃል እንዴ?»

«ድሮም ይጮሃል፣ ጋሼ።»

«እና ዝም ትለኛለህ?»

ቤት ሲገቡ እትዬ ሸዋነሽ እንደ ወትሯቸው ከጓዳ ጮኹ። ጋሽ ገብረማርያም ሁለት ጆሯቸውን ይዘው፣ «ሸዋዬ፣ ማን ሞተ? ምን ሆነሽ ነው የምትጮሂው?» አሉ። «አንተው አይደለህ ያስለመድከኝ!» ብለው እትዬ ሸዋነሽ ይባስ ጮኹ። ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ አንድ ወር ያህል ፈጀባቸው።

ጋሽ ገብረማርያም አንድ ደንብ ነበራቸው። ሲቀጠቅጡ መስሚያውን ያወልቃሉ፤ ለዚሁ ብለው በሠሯት ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ለሣጥኗ ውስጥ ልባስ ቀይ ከፋይ ከእኔ ቁርጥራጭ ወስደዋል። ሥራ ሲያቆሙ መልሰው ያደርጉታል። ይህን እኛ የመንገዱ ሰዎች እናውቃለን፤ እንግዳ ሰው ግን አያውቅም።

ሐዋሳ የሚሠራው፣ ትዕዛዝ የሚባለው ታላቁ ልጃቸው በሁለተኛው ወር ዘመናዊ ስልክ ላከላቸው። ስልኩን ይዘው ሜሪ ዘንድ ሄዱ። ሜሪ ከእኛ ሦስት ሱቅ አልፋ ስልክ የምትሸጥና የምትጠግን፣ ትዕግሥት ያላት ሴት ናት። መስሚያውን ከአዲሱ ስልክ ጋር አያያዘችላቸው።

«ከአሁን በኋላ ምንም አይነኩም፣ ጋሼ። መስሚያውን ሲያደርጉ በራሱ ይያያዛል። ሰው ሲደውል ድምፁ ቀጥታ ጆሮዎ ውስጥ ነው። መስሚያውን በጣትዎ ሁለቴ መታ መታ ሲያደርጉት ይነሣል።»

ደስታቸው ልክ አልነበረውም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ በገበያው መሀል ለብቻቸው እያወሩና እየሳቁ ሲሄዱ የማያውቃቸው ሰው ዞር እያለ ያያቸው ነበር። አንዲት ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር የምትሸጥ እናት እንደውም «ምስኪን፣ ደኅና ሰው ነበሩ እኮ» ብላ እያዘነች ነግራኛለች።

ነገሩ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። አንድ እሁድ አባ እየሰበኩ ሳለ ጋሽ ገብረማርያምን ጆሯቸውን በላቸው፤ አከክ አከክ አደረጉት። ለካ በዚያው ሰዓት ከቦዲቲ አንድ ደንበኛ እየደወለ ኖሯል። ስልኩ ተነሣ። አባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወገኖቼ፣ እስከ መቼ ነው ንስሐ ሳንገባ የምንቆየው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ገብረማርያም ከመሀል ሆነው፣ ቦዲቲ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «እስከ ሰኞ ታገሠኝ! ሰኞ ጠዋት ያልቃል!» አሉ።

ሳቁ ከመዘምራኑ ጀመረ። አባም ጥቂት ታግለው ተሸነፉ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ገብረማርያም እሁድ እሁድ ስልካቸውን ጨርሰው አጥፍተው መሄድ ጀመሩ። የራሴ ስልክ ከጠፋ ጆሮዬ ነፃ ነው ብለው አምነው ነበር። እኛም አምነናል።

በሐምሌ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተው፣ ግቢያቸው ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ስልካቸው እንደጠፋ ነው። ቤዛዊት ሳሎን ውስጥ አለች። እሷ አሁን በአንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ነው የምትሠራው፤ እሁድ ግን ትዘምራለች። ያን ቀን መዝሙር በድምፅ ማጉያ ለማጫወት ብሉቱዟን ከፍታ ሳታጠፋው ነው ወደ ቤት የመጣችው።

ጋሽ ገብረማርያም ዓይናቸውን ከድነው ነፋሱ ቅጠሉን ሲነካው እያዳመጡ ሳለ፣ ድንገት የአንድ ወጣት ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ ተናገረ።

«ቤዚዬ...»

ዓይናቸውን ገለጡ። ግቢው ውስጥ ከዶሮዎቹ በቀር ማንም የለም። መስሚያው ሬዲዮ ጠልፎ ይሆናል ብለው አሰቡ። ድምፁ ቀጠለ።

«ቤዚዬ፣ ደውዬ ልነግርሽ አልቻልኩም፤ ድምፄ ይንቀጠቀጣል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሱቅ ሄጄ አባትሽን አናግሬአቸው ነበር። ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነው፣ ቅር እንዳይልዎት አልኳቸው። እሳቸው ግን በሰው ፊት 'ልክህን ሳታውቅ ለምን መጣህ? ሂድ፣ ልክህን አውቀህ ተመለስ' አሉኝ። አልተቀየምኩም፤ አባት ናቸው። ግን ከእናንተ አካባቢ ራቅ ብል ይሻለኛል። የዝውውር ቅጽ ሞልቻለሁ፤ ረቡዕ አስገባለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ቤዚዬ።»

በዚያው ቅጽበት ከሳሎን የቤዛዊት ድምፅ መጣ፦ «እንዴ! ይሄ ነገር ድምፅ የለውም?»

በቴሌግራም የተላከላት የድምፅ መልእክት ነበር። እሷ ተጫነችው፤ ድምፁ ግን በአባቷ ጆሮ ወጣ። እንደገና ተጫነችው። ጋሽ ገብረማርያም እንደገና «ቤዚዬ» ተባሉ። ከወንበራቸው ሊነሡ አሰቡ፤ ግን ተነሥተው ምን ይበሉ? ለሦስተኛ ጊዜ ስትጫነው ደግሞ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። «ቤዚዬ!» የሚለው ጩኸት ጭንቅላታቸውን ሊሰነጥቀው ደረሰ። መስሚያዎቹን ነቅለው ጭናቸው ላይ ጣሉ፤ ወንበሩም ከኋላቸው ተገለበጠ።

እትዬ ሸዋነሽ ወጥተው «ምን ነካህ?» አሏቸው።

«ንብ!» አሉ ጋሽ ገብረማርያም። ያን ቀን የዋሹት ይህን ብቻ እንደሆነ እስከ ዛሬ ይምላሉ።

ሰኞ ጠዋት መዶሻውን አላነሡም። ሱቁን እንኳ ሳይከፍቱ ሜሪ ዘንድ ሄደው የሆነውን ነገሯት፤ የመልእክቱን ነገር ግን ዘለው «የሰው ወሬ ጆሮዬ ገባ» ብቻ አሉ።

ሜሪ መስሚያውን ተቀብላ ስልካቸውን ከፈተች። ጥቂት ነካካችና ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይሄ መስሚያ ከዚህ በፊት ከሌላ ስልክ ጋር ተያይዞ ያውቃል?»

«በመጀመሪያው ቀን፣ ኦቶና፣ ከልጄ ስልክ ጋር።»

«ይኸውልዎት። አንዴ ያወቀውን አይረሳም። የእርስዎ ስልክ ክፍት ሲሆን እሱን ይይዛል። እርስዎ ሲያጠፉት ደግሞ ሌላ የሚያውቀው ስልክ አጠገቡ ካለ፣ ብሉቱዙም ከተከፈተ፣ ማንንም ሳይጠይቅ እዚያ ይጠጋል።»

«እሱ ይጠጋል፤ እኔስ? እኔን አይጠይቀኝም?»

«አይጠይቅም። እንዲጠይቅ እኛ ነን የምናዝዘው።»

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስተማረቻቸው። ቅንብር ውስጥ ገብተው ብሉቱዝ የሚለውን፣ ከሥሩ የተያያዙትን ዕቃዎች ዝርዝር፣ ከስሙ አጠገብ ያለውን ምልክት፣ ከዚያም «እርሳ» የሚለውን ቃል አሳየቻቸው። ጥሪው ወደ ጆሮ እንዳይመጣ ሲፈለግ፣ መስሚያው እንደበራ የስልክ ጥሪውን ብቻ ማጥፋት እንደሚቻልም አሳየቻቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ስልኩን መግደል አያስፈልግም ማለት ነው። ጋሽ ገብረማርያም ሦስት ጊዜ አስደገሟት፤ አራተኛውን ራሳቸው አደረጉት።

«የልጅዎ ስልክ ላይ ያለውን ግን ከዚህ ሆኜ ላጠፋው አልችልም፣» አለች ሜሪ። «'እርሳ' መባል ያለበት እሷ ስልክ ላይ ነው። ለእሷ መንገር አለብዎት።»

የፈሩትም ይህንኑ ነበር።

ከሜሪ ሲመለሱ ወደ እኔ ገቡ። በሩን ከኋላቸው ገፋ አድርገው ሁሉንም ነገሩኝ። ያን ቀን የሆነውን እኔም አስታውሰው ነበር። ረዘም ያለ፣ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ልጅ ሱቃቸው ደጃፍ ቆሞ አንድ ነገር ተናገረ። ጋሽ ገብረማርያም መዶሻቸውን እንደያዙ፣ ልክህን ሳታውቅ ለምን መጣህ ብለው መለሱለት። ልጁ ፊቱ ጠቁሮ ሄደ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልክ ስወስድ የምውል እኔ እንኳ፣ የሰደቡት ነው የመሰለኝ። ምን አድርጓቸው ይሆን ብዬ ዝም አልኩ።

«አሸንዳ ሊያሠራ የመጣ መስሎኝ እኮ ነው!» አሉኝ። «መስሚያዬን አውልቄ ነበር። 'ልክ' የምትለዋን ብቻ ሰማኋት። የጣራውን ልክ ሳይዝ የመጣ መሰለኝ። እንደውም ይመለሳል ብዬ አንድ ቆርቆሮ ለብቻው አስቀምጬለታለሁ!»

እውነትም ቆርቆሮው ጥግ ላይ ተደግፎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤዛዊት ከቢሮ ስትመለስ ዓይኗ አብጧል። መልእክቱን ጠዋት ቢሮ ሆና ሰምታው ኖሯል፤ እዚያ አባቷ አጠገቧ ስላልነበሩ ድምፁ እንደ ደንቡ ከስልኳ ወጥቷል። ልጁ ዘንድ ብትደውል ስልኩን ዘግቶታል። ለአባቷ ሰላምታ ሳትሰጥ ልታልፍ ስትል ጠሯት።

«ቤዚ፣ ነይ ተቀመጪ። ትናንት ድምፅ የጠፋበት መልእክትሽ አልነበረም?»

«አዎ።»

«አልጠፋም። እኔ ጋ ነው የመጣው።»

ቤዛዊት ለጥቂት ጊዜ አልገባትም። ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች። «ሰማኸው?»

«ሦስቴ። በሦስተኛው ልታደነቁሪኝ ነበር። አንዴ ታድኚኛለሽ፣ አንዴ ትገድይኛለሽ።»

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡባት። ከዚያ ግን ቁጣው ተመለሰ። «ታዲያ አባዬ፣ ለምን እንደዚያ አልከው? ምን በደለህ? 'አባዬ አሁን በደንብ ይሰማል፣ ራስህ ሄደህ አናግረው' ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ!»

ጋሽ ገብረማርያም የአሸንዳውን ነገር ነገሯት። የቆመውን ቆርቆሮም ይዘዋት ወርደው አሳዩዋት። ቤዛዊት ቆርቆሮውን ተደግፋ እስክትደክም ሳቀች። እትዬ ሸዋነሽ ሳቁን ሰምተው መጡና ነገሩ ሲነገራቸው፣ «ልጁ ማን ነው? የማን ልጅ ነው?» ማለት ጀመሩ። ሲላስ እንደሚባል፣ ዱቦ በሚባለው አገር የተወለደ እንደሆነ፣ ተበላ ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት እንደሚሠራ፣ ቤዛዊትን ያወቃት እዚያው ዱቦ በዓል ላይ ሲዘምሩ እንደሆነ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ያልሰሙትን ሁሉ በአንድ ቀን አወቁ።

«የሰውን ወሬ ሳልፈልግ ሰማሁ፣» አሏት ጋሽ ገብረማርያም ልጃቸውን። «ጥፋቱ የኔ ባይሆንም ዳግም እንዳይሆን እፈልጋለሁ። ስልክሽን አምጪ።»

አመጣች። ራሳቸው ብሉቱዝ ውስጥ ገብተው መስሚያውን አገኙት። «እርሳ» የሚለውን ሲጫኑ ግን ጣታቸው ትንሽ ቆመች።

«ምነው?» አለች ቤዛዊት።

«ምንም። ይህን ሳልሰማ ብቀር ኖሮ ረቡዕ ቅጹን ያስገባ ነበር ብዬ ነው።» ተጫኑት።

ቤዛዊት ጽፋ ልታስረዳው ፈለገች። አባቷ እምቢ አሉ። «ፊት ለፊት ያጠፋሁትን ፊት ለፊት ነው የማስተካክለው።» ማክሰኞ ጠዋት እኔን «ምስክር ነህና ትሄዳለህ» ብለው ሱቄን አስዘጉኝ።

ተበላ ገበያ ቆሞ ስለነበር ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ በአንዲት ዶሮ በያዘች ሴትና በበሩ መሀል፣ ጋሽ ገብረማርያም ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥን። ቆላው ውስጥ ስንገባ ሙቀቱ መጣ። እሳቸው ግን የበዓል ኮታቸውን አላወለቁም። አስር ጊዜ ጆሯቸውን እየነኩ መስሚያው መኖሩን ያረጋግጣሉ።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። ሲላስ ጥግ ላይ ወረቀት ተከምሮበት ተቀምጧል። ሲያየን ብድግ አለ፤ ወንበሩ ከኋላው ከግድግዳው ጋር ተጋጨ።

«ጋሼ... ምነው፣ በደኅና ነው? ቤዛዊት ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ልጄ፣ ያን ቀን ሱቄ መጥተህ ምን ብለህ ነው የጠየቅከኝ? እስቲ እንደገና በለው።»

ሲላስ ዙሪያውን አየ። ባልደረቦቹ ሥራቸውን ትተዋል። «እዚህ?»

«እዚህ። ያኔም በሰው ፊት ነበር።»

ለእሱ ብዬ እኔን ላብ አሰመጠኝ። ልጁ ግን ቀጥ ብሎ ቆመና ጥርት ባለ ድምፅ ተናገረ፦ «ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነው፣ ቅር እንዳይልዎት።»

«አሁን ሰማሁህ፣» አሉ ጋሽ ገብረማርያም። መስሚያውን ነቅለው በመዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩት። «ያን ቀን ይሄ ሣጥን ውስጥ ነበር። ከተናገርከው ሁሉ ጆሮዬ የገባችው 'ልክ' የምትለዋ ብቻ ናት። ቆርቆሮ ሠሪ ነኝ፤ አሸንዳ ልታሠራ የመጣህ መሰለኝ። የጣራህን ልክ ይዘህ ና ማለቴ ነው። ሰው አልሰድብም እኔ። ጠይቀው፣ ደገፉ ምስክሬ ነው።»

«አይሰድቡም፣» አልኩ። «እኔም ግን ስድብ መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር።»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ባልደረባው ጠረጴዛውን እየደበደበች ትስቃለች። ሲላስ ብቻ አልሳቀም፤ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከጣቶቹ መሀል ሲስቅ ያየሁት ቆይቶ ነው።

«ላክ፣» አሉት ጋሽ ገብረማርያም። «ቅዳሜ ላክ። ያን ቅጽ ግን መጀመሪያ ቅደደው።»

ሲላስ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ስለ ቅጹ ማን ነገረዎት? ለቤዚ ብቻ ነው የላክሁት።»

ጋሽ ገብረማርያም የብሉቱዙን ታሪክ ነገሩት። ልጁ እየሰማ ሲሄድ ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ። በመጨረሻ ቀስ ብሎ፣ «ቤዚዬ ያልኩትንም ሰምተዋል ማለት ነው?» አለ።

«ለእኔ የተባለ እስኪመስለኝ ድረስ!»

ሲላስ ገበያው አጠገብ ካለ ቤት ምሳ ጋበዘን፤ ሙቹዋ የሚሉትን የወላይታ ምግብ በዳጣ በርበሬ። ቅጹን ከኪሱ አውጥቶ እፊታችን ቀደደው። ቤዛዊት ዘንድ የደወለው ግን እኛ እጃችንን ልንታጠብ ስንነሣ ነው። ምን እንዳላት አልሰማንም። ጋሽ ገብረማርያም መስሚያው ከራሳቸው ስልክ ጋር ብቻ መያያዙን፣ ስልካቸውን አውጥተው አረጋግጠው ነበር።

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች ከዱቦ መጡ። መሪያቸው የሲላስ አጎት አቶ ቦጋለ ነበሩ፤ ሰባ የተጠጉ፣ ከዘራ የያዙ ሰው። እኔም በልጅቷ ወገን ተቀምጬ ነበር። ጋሽ ገብረማርያም አዲስ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ወጉን ከመጀመራቸው በፊት አቶ ቦጋለ ወደ ጓደኛቸው ጎንበስ ብለው በወላይትኛ ሹክ አሉ፦ «ሰውዬው ጆሯቸው አይሰማም አሉ። ጮክ ብለህ ተናገር።»

ጓደኛቸው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የጣራው ቆርቆሮ እስኪነዝር ድረስ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብሎ ጀመረ።

ጋሽ ገብረማርያም እጃቸውን አነሡና በዚያው በወላይትኛ፣ «ወንድሜ፣ ቀስ በል፤ የጎረቤቱን ሕፃናት ትቀሰቅሳለህ። ሹክሹክታውንም ሰምቻለሁ» አሉ።

አቶ ቦጋለ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥለው ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ «ምን አሉ?» ብለው ጓደኛቸውን ጠየቁ። የማይሰሙት ለካ ራሳቸው ኖረዋል። ከዚያ በኋላ ወጉ ጥቂት ተዛነፈ። ልጅቷ ተጠየቀች፣ እሺ ተባለ፣ በወላይትኛ መልካም ነው ለማለት «ሎኦ! ሎኦ!» ተባለ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ። ምርቃቱ ገና ሳይበርድ አቶ ቦጋለ ወንበራቸውን ወደ ጋሽ ገብረማርያም ስበው ጆሯቸውን መመልከት ጀመሩ።

«እንዴት ነው የሚሠራው? ያማል?»

«አያምም። ዋናው ነገር ስልኩ ነው። በራሱ እንዳይያያዝ ማዘዝ ይገባል፤ አለዚያ የሰው ቤት ይገባል። ስልክዎን ያምጡ ላሳይዎት።»

አቶ ቦጋለ ስልካቸውን አወጡ። ጋሽ ገብረማርያም መነጽራቸውን አደረጉ። «ይሄ ብሉቱዝ ነው። ይሄ ደግሞ ዋይፋይ፤ እሱም እንደዚሁ ነው፣ አንዴ ያወቀውን ሁሉ በየሄዱበት ይከተላል። ይመልከቱ፣ ይሄ የማን ነው? የሆቴል ነው? መቼ ሄደው ነበር?»

«የወንድሜ ልጅ ሰርግ ጊዜ። አራት ዓመት ይሆናል።»

«አሁንም ይፈልገዋል። እርሳ ይበሉት።»

እትዬ ሸዋነሽ ደጋግመው «የሰርጉን ቀን እንቁረጥ እንጂ!» አሉ። ሁለቱም አልሰሙም፤ ወይም የሰሙ አልመሰሉም። በመጨረሻ እትዬ ሸዋነሽ ከሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተመካክረው፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ብለው ራሳቸው ቆረጡ። ቤዛዊት ጓዳ ሆና ለሲላስ ስትደውል አቶ ቦጋለ ገና «እርሳ»ን በጣታቸው እየፈለጉ ነበር።